ስለ ዘርና ስለ ሲጋራ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

አጎቴን «ተው» ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «አባቴ ጋያውን ሲስብ ኖሮ በ88 ዓመቱ ነው የሞተ። በዘራችን የሳንባ በሽታ የለም።» እሱ ግን በ53 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ።

ከተዝካሩ በኋላ ይህ «ዘር» ያለው ነገር ሲከነክነኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ጨርሶ ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች 15ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቦታ አገኙ፤ ኒኮቲን የሚያርፍባቸው የነርቭ ተቀባዮች ዘረመሎች ያሉበት ነው። እዚያ ያለውን ልዩነት ከአንድ ወላጁ የወረሰ ሰው በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋው በ30 በመቶ፣ ከሁለቱም የወረሰ በ80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አብዝተው ያጨሳሉ፤ መተውም ይከብዳቸዋል። ኋላ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግን ሲጋራ ቀምሰው በማያውቁት ላይ ያ አደጋ ጎልቶ አልታየም። ሲጋራ ራሱ ደግሞ አደጋውን ከ15 እስከ 30 እጥፍ ያደርሰዋል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

(የዘረመል ምርመራ አስመጡልን ማለቴ አይደለም። ጥናቶቹ ባብዛኛው በአውሮፓ ተወላጆች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ልዩነትም በአፍሪካውያን ዘንድ ጥቂት ነው።)

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የፓኬቱ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አጎቴ ፓኬት መቼ ገዝቶ ያውቃል? ከጀብሎ አንድ ሁለት ፍሬ እየወሰደ ነው የኖረው፤ ጫት የያዘ ቀን ደግሞ አራት አምስት። ሥዕሉ ጀብሎው ሳጥን ውስጥ ቀረ።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ፓኬቱ ላይ ብቻ አይቅር፤ በሬዲዮም በየመንደሩም ይነገር፣ «አያቴ አጭሶ ምን ሆነ?» የሚለውንም በግልጽ ይመልስ። ሁለተኛው፣ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ ማቆም ለሚፈልግ ሰው በየጤና ጣቢያው የሚረዳው ባለሙያ ይኑር። ሱሱ የሚጠናበት ሰው መኖሩ ከታወቀ «ወኔ የለህም» ብሎ መገሠጽ ብቻውን አይበቃም።

የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ 10 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ አሳይቷል። የአጎቴ ልጅ 29 ዓመቱ ነው፤ ያጨሳል። ባለፈው እሑድ «ተው» ስለው የአያቱን ዕድሜ ቆጠረልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ