ወደ ውጭ አገር ስለምትልኳቸው የጽሑፍ መልእክቶች

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት ስልክ ይደወልልናል። አንደኛው «300 ሰው ላይ ልኬ የ600 ሂሳብ ለምን መጣብኝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ልከናል አላችሁኝ፤ አሜሪካ ያሉት እንግዶቼ ግን ምንም አልደረሰንም ይላሉ» የሚል። ሁለቱም ጥያቄ ልክ ነው። በስልክ እየተጣደፍን ከምናስረዳ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን።

ከሂሳቡ እንጀምር። አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው (ባይት የመረጃ መጠን መለኪያ ነው፤ አንዱ 8 ቢት ይሆናል)። ይህ ልክ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ያኔ የግዕዝን ፊደል ያስታወሰው አልነበረም። የላቲን ፊደል አንዱ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል። የእኛ አንዱ ፊደል ግን 2 ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም፣ ነጠላ ሰረዙም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል።

አንድ የጀልባ አስጎብኚ ደንበኛችን የላከውን እንይ፦

«ጤና ይስጥልኝ ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ! የዘጌ ጀልባ ጉዞዎ ጥር 12 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ነው።»

ቆጥረነዋል። ሰላምታው ብቻ 47 በላ። ጉዳዩ 34 ነው። መሃል ያለው ክፍት ቦታ ሲጨመር 82 ሆነ፤ ከ70 በ12 አለፈ። በዚህች 12 ምክንያት መልእክቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ሄደ፤ ሂሳቡም በሁለት ተባዛ። «ሰላም!» ብሎ ወደ ጉዳዩ ቢገባ 39 ፊደል ነበር፤ አንድ መልእክት። ሰላምታ ማሳጠር ለእኛ ሰው እንደሚከብድ እናውቃለን፤ እኛም ይህን ደብዳቤ ስንጽፍ ታግለናል።

መልእክት ሲሰነጠቅ ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ 70 መያዙ ይቀርና 67 ይሆናል። የተረፈው ቦታ ተቀባዩ ስልክ ቁርጥራጮቹን መልሶ እንዲገጥም የሚረዳ ምልክት ይያዝበታል። በላቲን ሲጻፍም እንዲሁ ከ160 ወደ 153 ይወርዳል።

አንዳንዶቻችሁ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ በልማድ አራት ነጥብ ትጥላላችሁ። ያቺ አንዲት ምልክት ሙሉውን መልእክት ከ160 ወደ 70 ታወርደዋለች። ከማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ተቀድቶ የመጣ ጠማማ ትእምርተ ጥቅስም ያው ነው። ይህ ማለት አማርኛ አትጻፉ ማለት አይደለም። «ሰላም» በእኛ 3 ፊደል ነው፣ በላቲን 5። 70 የሚመስለውን ያህል ጠባብ አይደለም፤ ተጠንቅቆ ለጻፈ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ «አልደረሰም» ጥያቄ እንሂድ። እዚህ ነው ጣጣው።

እያንዳንዱ አገር የራሱ በር አለው። ብዙ አገሮች ከስልክ ቁጥር ይልቅ የድርጅት ስም በላኪነት እንዲታይ ይፈቅዳሉ፤ ስሙ በላቲን ሆኖ ከ11 ፊደል መብለጥ የለበትም። አሜሪካና ካናዳ ግን ስም አይቀበሉም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አሜሪካ ለዚህ የምትጠቀሙበት የአገሪቱ መደበኛ ቁጥር ደግሞ መመዝገብ አለበት፦ ላኪው ማን ነው፣ ምን ይልካል፣ ተቀባዮቹ እንዴት ፈቀዱ የሚለው ሁሉ። ያልተመዘገበ መልእክት እዚያው ያሉት የስልክ ኩባንያዎች ያግዱታል፤ ብዙ ጊዜም እናንተ ሳታውቁት። ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት የማሳጠሪያ ሊንክ (ረጅም የድረ ገጽ አድራሻን የሚያሳጥር) ከተለጠፈበትማ የመታገድ ዕድሉ ይብሳል። ስለዚህ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ስትጽፉ የድርጅታችሁን ስም መልእክቱ ውስጥ አስገቡ። አለዚያ ከማያውቀው ቁጥር የመጣ አጭበርባሪ ነው የምትመስሉት።

ሳዑዲ አረቢያና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ስሙ አስቀድሞ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። ማስታወቂያ ከሆነ ስሙ ላይ «ኤ-ዲ» (AD፣ ማስታወቂያ ለማለት) የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ሲንጋፖር ከጥር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያልተመዘገበን ስም አውጥታ በምትኩ «ማጭበርበሪያ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ታስገባለች። ሲንጋፖር ደንበኛ ያለው ከእናንተ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለብቻው አነጋግረነዋል።

በስም የሄደ መልእክት መልስ አይቀበልም። እንግዳው እንዲደውል ከፈለጋችሁ ስልካችሁን በ+251 ጀምራችሁ ጻፉለት። የተቀባዩን ቁጥርም እዩት። እንግሊዝ ያለ ዘመድ «07» ብሎ የሚሰጣችሁ ቁጥር በ+44 ሲጀመር ዜሮዋ ትወድቃለች። በየጊዜው ከምናያቸው «አልደረሰም»ዎች ስንቱ በዚህች ዜሮ እንደሆነ ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ሰዓቱስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን የአንድ ባህል ልብስ ሰፊ ደንበኛችንን መልእክት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለቀቅነው። ዋሽንግተን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። አንዲት እናት «ምን ደረሰባችሁ?» ብለው በድንጋጤ ባሕር ዳር ደወሉ፤ የደረሰው ቀሚሳቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ማስታወቂያ በተቀባዩ ሰዓት ከጠዋቱ 2 በፊትና ከምሽቱ 3 በኋላ መላክ ክልክል ነው። ከዋሽንግተን እስከ ሎስ አንጀለስ ላለ ሰው ሁሉ በእኛ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ይስማማል። ከአሁን በኋላ ወደዚያ የሚሄደውን ሁሉ ሲስተሙ እስከዚያ ሰዓት ይዞ ያቆየዋል።

ሰዓት ከተነሳ፣ «2 ሰዓት» የሚለውን ፈረንጅ እንግዳ ከሌሊቱ 8 አድርጎ እንደሚረዳው አትርሱ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ።

ፈቃድ የሚባለውንም አትናቁት። አንድ ቀን ጀልባ የተሳፈረ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ማስታወቂያ ይላክልኝ አላለም። የእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አሜሪካ ያለ ተቀባይ «ስቶፕ» ብሎ ከመለሰ ቁጥሩ ከዝርዝራችሁ ይወጣል፤ መልሳችሁ ብታስገቡትም አንልክም።

ዋጋን በተመለከተ፦ የውጭ መልእክት የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የብሩ ዋጋ ከወር ወር ሊለይ ይችላል። የየወሩን ዋጋ በመጀመሪያው ሳምንት በቴሌግራም እንልክላችኋለን።

እንግዲህ ምን ቀየርን? መልእክት ስትጽፉ ከመላኪያው ቁልፍ በላይ የፊደሉ ብዛትና ስንት መልእክት ሆኖ እንደሚታሰብ ይታያችኋል። ሪፖርቱም «ተልኳል» እና «ደርሷል» የሚሉትን ለይቶ ያሳያል። ተልኳል ማለት ከእኛ እጅ ወጥቷል ማለት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። እንግዳችሁ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ካለው ደግሞ እዚያ ላኩለት። ገቢያችንን የሚቀንስ ምክር ነው፤ ግን ለረጅም ጽሑፍና ለፎቶ የሚሻለው እሱ ነው።

ለመጪው ገናና ጥምቀት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አረብ አገር ለመላክ ያሰበ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይምጣ። ምዝገባው አንዳንዴ ሳምንታት ይወስዳል። የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ ለመላክ ያሰባችሁትን መልእክት ናሙና፣ የደንበኞቻችሁን ፈቃድ እንዴት እንደተቀበላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ወይም ፎርም ያዙ። ቢሯችን እዚያው ጊዮርጊስ አካባቢ ነው፤ ቅዳሜም እስከ 6 ሰዓት እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመልእክት አገልግሎት ክፍላችሁ
ባሕር ዳር