ያቺ አራት ሰከንድ

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን። እናቴም ደህና ነች። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ «ያ ልጅ ግን ምን በላው?» ትለኛለች። ዝም እላለሁ። ምን ልበላት?

ስድስት ዓመት አለፈ። ስልክህ አለኝ። ስንት ጊዜ ስምህን አውጥቼ፣ አይቼ አይቼ፣ መልሼ ዘግቼዋለሁ። በስልክ ብጀምረው እንደማልጨርሰው ስላወቅሁ በጽሑፍ መጣሁ። አንብበህ ስትጨርስ ብትቆጣም ተቆጣ።

ስለዚያች ቢት፣ ራፕህን ስለጫንክባት ማጀቢያ ነው የምጽፍልህ።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን አዝማሪ ቤቱ ውስጥ አመሸን። አዝማሪው ጋሼ ማሲንቋቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ባዶ ስለነበር ለእኛም ለራሳቸውም አይደለም የሚጫወቱት፤ እንዲሁ ትዝታ ይገርፋሉ። እኔ ስልኬን ከብርሌው አጠገብ አስቀምጬ መቅረጫውን ከፈትኩ። አላስፈቀድኳቸውም። ማታውኑ ሽምብጥ፣ ያቺ ኪራይ ቤታችን ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ሰከንድ ቆረጥኩ። ትንሽ አወረድኩት፣ ከሥር ከበሮ አስገባሁ፣ እንዲዞር አደረግሁት። አንተ ጠዋት ተነስተህ ሰማኸው። ቁርስ እንኳ ሳትበላ ግጥሙን ጻፍክ።

በሳምንቱ የፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ልጆች ባጃጅ ውስጥ ሲያስከፍቱት ሰማን። እንዴት እንደተቃቀፍን አትረሳውም።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ «ሽማግሌውስ?» አልከኝ። «የቱ ሽማግሌ?» አልኩህ። «እንሂድና እናሰማቸው፤ ስማቸውንም እንጻፍ፤ ከተገኘም እንስጣቸው» አልክ። እኔ ደግሞ «ትዝታ የማን ነው? ትዝታ የሁላችንም ነው» አልኩ። የመለስክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ትዝታ የሁላችንም ነው። ያቺ እጅ ግን የሳቸው ናት።»

ተናደድኩ። ሊባል የማይገባ ነገር ተናገርኩህ። በወሩ ቻው ሳትለኝ አዲስ አበባ ገባህ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አሁን ለምን መጣህ ብትል፣ ኢንተርኔት ነው ምክንያቱ። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ እዚህ ባሕር ዳር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ የድሮ ሃርድ ዲስኬን አውጥቼ መጎርጎር ጀመርኩ። አንተ የሞላህልኝን ፎልደር አገኘሁት። «ጥናት» ብለህ ነበር የሰየምከው። የድሮውን ዘፈንና ከእሱ የተወለደውን ራፕ ጎን ለጎን አስቀምጠሃቸዋል። ያኔ ስታስረዳኝ ግማሹን እንኳ አልሰማሁህም። አሁን ሌላ የሚሰማ ስለሌለ ሁሉንም ሰማሁት። ማታ ማታ፣ ጣና ዳር ከዛፎቹ ሥር ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ ያወጡትን «አዝ ዊ ኤንተር»። ዘፈኑ ገና ሲገባ ሙላቱን ታውቀዋለህ። ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝ አገርና ቦስተን ተምሮ፣ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር ያጋባ ሰው። ከዚያ ላይ ናስና ዴሚያን አንዱ ስንኝ ሲጥል ሌላው እያነሳ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሰማሁት! ወንድና ሴት አዝማሪ ፊት ለፊት ቆመው ሲቀባበሉ አይቼ አላውቅም እንዴ? ልክ እሱ ነው። አልበሙንም «ዲስታንት ሬላቲቭስ» ብለው ነው የሰየሙት፤ የሩቅ ዘመዳሞች ማለት ነው። ሥጋቸው ሳይቀር የሚያውቀውን ነገር ነው የመዘዙት ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ልጅ፣ የቢት ሠሪው የማድሊብ ታናሽ ወንድም። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከእኛ የድሮ ሸክላዎች ቆራርጦ ሠርቷል። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በስልሳዎቹና በሰባዎቹ አዲስ አበባ የተቀረጸ ትንፋሽ፣ የማውቀው ጥሩምባ፣ ግን ሌላ ሰው እጅ ውስጥ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ ደፍሮ ባይጀምር፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያንን ሁሉ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በሲዲ ባያወጣ፣ ካሊፎርኒያ ያለ ልጅ ከየት ያገኘው ነበር?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ከዚህ በፊት ያልገባኝ። ሂፕሆፕ ሲጀመር ብሮንክስ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973፣ ኩል ኸርክ የሚባለው የጃማይካ ልጅ ያደረገው ምንድን ነው? ጨፋሪው የሚነሳው ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አየ። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያቺን ቦታ እያመላለሰ አራዘማት። ይኼን የሚያስተምረን ሰው ያስፈልገን ነበር እንዴ? እስክስታው ሲሞቅ፣ ትከሻው ሲነሳ፣ አዝማሪ መቼ ነው ያቺን ቦታ የሚለቀው? ሰው እስኪደክመው እዚያው ላይ ይመላለሳል። ጎጃም ሠርግ ቤት ያደገ ሰው ሉፕ፣ ያ ማመላለስ፣ ምን እንደሆነ ቃሉን ሳያውቅ ያውቀዋል።

ራፑንም እንደዚሁ። አንተ የጻፍከው ግጥም ፉከራ ነበር። ስንኙ፣ ትንፋሹ፣ «እኔ ነኝ» ማለቱ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣው ሰው እንዴት እንደሰማው አስብ። ቃል የለም፤ ግን ጀግናው ሲፎክር ይሰማሃል። የድሮው አዲስ ዕቃ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው። ጌታቸው ኋላ ላይ ዘ ኤክስ ከሚባሉት የኔዘርላንድ ልጆች ጋር እየዞሩ ተጫውተዋል። ሽማግሌና የፓንክ ባንድ! ግን አብረው ነው የቆሙት፤ መድረክ ላይ፣ ስማቸው ተጽፎ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ፋይል ነው። «ኤሜን ብራዘር» ብለህ የጻፍክበት። ዘ ዊንስተንስ የሚባል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ዘፈን ነው። መሃሉ ላይ ከበሮ መቺው ብቻውን ይቀራል፤ ሰባት ሰከንድ ገደማ። ያቺ ሰባት ሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች፤ ራፐሮቹ ኤን ደብሊው ኤ ሳይቀሩ ተጠቅመውባታል። መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ነው። ከዚያች ሰባት ሰከንድ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ፣ ቤት አልባ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፣ ሰዎች በኢንተርኔት አዋጥተው፣ 24 ሺህ ፓውንድ ገደማ የደረሰው። ኮልማን ያኔ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ፋይሉን ዘጋሁት። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውዬ ከፊቴ እያለፈ ነበር፤ ደንገሉ ረጥቦ ጠቁሯል። እሱ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ የእኛን ቢት ከፈትኩ። አራት ሰከንድ። እሷም ትዞራለች።

እነ ጋሼ ይሠሩበት የነበረው ቤት የለም። አሁን የሕንፃ መሣሪያ ይሸጥበታል። ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ሌላው ሰደደኝ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት አሳ የምትጠብስ ሴት «እኒያ አዝማሪው? እዚህች ጋ እኮ ናቸው» ብላ በእጇ አሳየችኝ።

ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። አላወቁኝም። ከየት ልጀምር ብዬ ስጨነቅ «ቁጭ በል እንጂ ልጄ» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ ብርሌውን፣ አራቱን ሰከንድ፣ ያላስፈቀድኩትን። የአንተንም ነገርኳቸው፤ «ጓደኛዬ እንምጣ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንድ ጆሮ ላይ ሰካሁላቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ።

«ያኔ ጭራዋ አዲስ ነበረች» አሉ።

ይገርምሃል? መጀመሪያ የሰሙት ድምፅዋን ነው። የፈረሱ ጭራ በተቀየረ ሰሞን ድምፁ እንደሚሻክርና ኋላ እየለዘበ እንደሚሄድ ነገሩኝ። ከአራት ሰከንድ ውስጥ ወቅቱን አወቁት። ከዚያ «ለምን እዚህ ላይ ቆረጥካት?» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ወጣች እኮ። አልተመለሰችም። ገና መንገድ ላይ ነች።»

ማሲንቆዋን ከግድግዳው አወረዱ። ደጋኑን ሙጫ አስነኩት፤ ሁለቴ ሳቡና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ መወጠሪያዋን በትንሹ አዞሩ። ከዚያ ያቺኑ አራት ሰከንድ ተጫወቷት። እኔ የቆረጥኩበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አልቆሙም። ዜማዋ ትንሽ ከፍ አለች፣ ተንጠለጠለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደችና ቤቷ ገባች። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰማት የኖርኩት ዜማ መጨረሻ እንዳላት አላውቅም ነበር። የቢቷ ጣፋጭነትም ለካ ከዚያ ነው የመጣው፤ ሁልጊዜ ልትመለስ ስትል ነው የማዞራት። ይኼንን ስነግራቸው አሰቡበት። «እሱስ ደህና ነው፤ ማስናፈቁ አይከፋም» አሉ። «ግን መመለሻዋን እያወቅህ ሲሆን ነው።»

ገንዘብ ይዤ ነበር የሄድኩት። ፖስታ ውስጥ። ስሰጣቸው እጃቸውን አልዘረጉም። የተቀየሙ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ማሲንቆውን እንደገና አስተካክለው ይዘው፣ እየተጫወቱ፣ ግንባራቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉልኝ። ፖስታውን ቀድጄ አንድ በአንድ ለጠፍኩላቸው። ግቢው ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ። ብሩ ከግንባራቸው እየወደቀ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ሳይ ዕንባዬ መጣ።

ቴሌግራም ላይ ያለውን ዘፈን ስማቸውን ጽፌ እንደገና ልለቀው ነው። ያለ አንተ ፈቃድ ግን አላደርገውም፤ ያንን ስህተት ሁለቴ አልሠራውም።

አንድ መልእክትም አለህ። ያንን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ላዩ ላይ የሚናገረው ልጅ ማነው?» አሉኝ። ጓደኛዬ ነው አልኳቸው። «በጣም ይፈጥናል። ግን አፉ ጥሩ ነው። ከበሮው ጆሮዬን ያዘብኝና ሁሉን አልሰማሁትም። ግጥሙን ለብቻው አምጣልኝ፣ እኔ እቀበለዋለሁ» አሉ።

ድምፅህ ብቻ ያለበት ፋይል በአንተ ፍላሽ ላይ ነው የቀረው። እኔ ጋ ያለው የተቀላቀለው ነው። ካልጠፋብህ ላክልኝ። የተሻለው ግን ራስህ ብትመጣ ነው። እሳቸው ማሲንቆ ይዘው፣ አንተ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ፣ አንድ ስንኝ ስትሰጣቸው ሲቀበሉህ ማየት እፈልጋለሁ። ስልኬን ከኪሴ አላወጣውም፤ ካልፈቀዱልኝ በቀር።

የምትመጣበትን ቀን ብቻ ንገረኝ፤ ወጥቼ እቀበልሃለሁ። እናቴ በቀጥታ ቤት ካልመጣችሁ ትቆጣለች። ቢሆንም መጀመሪያ እሳቸው ጋ እንሂድ። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ነው ግቢው ውስጥ የሚቀመጡት።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር