ሁለተኛው ሞተር ገና አልሞተም፤ ለደቅ ጀልባ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጣናዋ ደቅ ደሴት ልጆች፣ ባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ፤

እኛ የጀልባው ኮሚቴ ይኸው እንደገና መጣን። መሰልቸታችሁ ይገባናል፤ እኛም ልመናው ደክሞናል። ግን በዚያ የነሐሴ ነፋስ ሁለቱ ጀልባዎቻችን እንደታሰሩ ከሰጠሙ ወዲህ፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ባሕር ዳር የምትሻገረው በሰው ጀልባ ነው። እሱም ከተገኘ።

በቅድሚያ «ያለፈው መዋጮ የት ገባ?» ለምትሉ። ጀልባዎቹንና ላይፍ ጃኬቶቹን የገዛነው በእሱ ነው። ጃኬቶቹ ዛሬም አሉ፤ መጥታችሁ ቁጠሩ። የተረፈው ሞተሮቹን ለማውጣት አለቀ፦ ለገመድ፣ ለናፍጣ፣ ለዘይት። ደረሰኙ ላይ «ምሳ» የሚል አይታችሁ ያጉረመረማችሁ አላችሁ። ምሳው ቀኑን ሙሉ ሲጠልቁ ለዋሉት ዓሣ አስጋሪዎች ነው። አናፍርበትም።

የምናፍርበት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሞተር ተጣድፈን አወጣንና እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ይደርቃል ብለን። መካኒኩ በሁለተኛው ቀን ሲደርስ ኩሽኔታዎቹ ዝገዋል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ለካ የሰጠመ ሞተር ዝገት የሚፈጥንበት ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው። ወይ በወጣበት ሰዓት ይጠገናል፣ ወይ ባለሙያ እስኪደርስለት እዚያው ውሃ ውስጥ ይቆያል።

«ኮሚቴው ሞተሩን ውሃ ውስጥ ጥሎት ሄደ» እየተባለ የተወራው ይሄ ነው። ሁለተኛውን «አትንኩት» ያለን መካኒኩ ራሱ ነው። ያወጣነው እሱ መፍቻውን ይዞ ከቆመ በኋላ ነው። ወዲያው ታጠበ፣ ካንዴላው (ነዳጁን የሚለኩሰው) ተፈታ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ ውሃው ተንጠፈጠፈ። ጎረምሶቹ ገመዱን ስበው ሊያስነሡት ሲሉ መካኒኩ ጮኸባቸው። ክረምት ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ አፈሩን ጠርገው ጣና ይከቱታል። ደለል የገባበትን ሞተር ማዞር ሲሊንደሩን በአሸዋ መፈተግ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተፈታ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ታጥቦ ዘይት ተቀባ።

ሁለት ነገር በጀን። ጣና ጨው የለበትም። ሞተሩም የሰጠመው ጠፍቶ ነው፤ እየሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃ አይታመቅምና፣ ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመም ነበር።

አሁን የቀረው ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የሞተሪኖ (ማስነሻ) ጥገናና የመካኒኩ ቀሪ ሒሳብ ነው። መዋጮው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የተቀባው ዘይት ደግሞ ለዘላለም አይጠብቅም። ሞተሩ ቶሎ ተገጥሞ፣ ተነሥቶ፣ በደንብ ሞቆ ካልደረቀ የመጀመሪያው ዕጣ ይደርሰዋል። ጥር 7 እዚሁ ደቅ ላይ ላለችው ናርጋ ሥላሴ ንግሥ የሚሻገረውን ሰው አስቡት። የሥላሴን ስም ጠርተን የምንለምነውም ለዚሁ ነው። 50 ብርም ብትሆን ትላክ።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የመዋጮ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ አለ። ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። በግለሰብ ስልክ ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ደግመን እንላለን፦ ደብተሩ ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ብቻ!

ስትልኩ ስማችሁን ጻፉ። ባለፈው ያለ ስም የገባ ገንዘብ አለ፤ የማን እንደሆነ ስላላወቅን እስካሁን ደረሰኝ አልቆረጥንለትም።