የሮቦቱ ባለቤትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጃፓን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) እና ስለ ሮቦቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነው የጨረስኩት። ግን ያቺ የተለመደች ነገር እዚህም መጣች። ሆሊውድ ሮቦት ይፈራል፣ ጃፓን ሮቦት ይወዳል፣ ለምን ቢባል በሺንቶ እምነት ድንጋዩም ዛፉም መንፈስ አለው። ኧረ ተዉ! ይሄን ስንት ጊዜ እንስማው? ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። ዶራኤሞንን እያየ ያደገ ልጅ ሮቦት ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ያ ሰማያዊ የሮቦት ድመት ነው። ነገር ግን ሰው የሚመስል ማሽን ለምን እንደሚቀፈን በ1970 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የጻፈውም እኮ ጃፓናዊ ነው፣ የሮቦት ተመራማሪው ማሳሂሮ ሞሪ። ሮቦት ሰውን እየመሰለ ሲሄድ እየወደድነው እንሄዳለን፣ ሰው ሊመስል ትንሽ ሲቀረው ግን ድንገት ያስጠላናል ነው ያለው። እና መውደድና መፍራት የሚለው ክፍፍል ብዙም አያስኬድም።

እኔን አኒሜ ውስጥ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ይነሳብናል ወይ የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ይሄ ማሽን የማነው? ማን ሠራው፣ ማን ገዛው፣ ሲሰለቸውስ የት ጣለው? ደህና የተሠሩት ታሪኮች ቆፍረው ቆፍረው የሚደርሱት እዚህ ጋ ነው።

ከአቶም እንጀምር፣ አስትሮ ቦይ ከሚባለው። የኦሳሙ ቴዙካ ማንጋ (በሥዕል የሚነገር የታሪክ መጽሐፍ) መውጣት የጀመረው በ1952 ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ በአኒሜ የመጣው ደግሞ በ1963። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ያን የሚበር፣ ደግና ጉልበተኛ ልጅ ነው። አመጣጡን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ዶክተር ቴንማ የሚባል ሳይንቲስት አለ። ልጁ ቶቢዮ በመኪና አደጋ ይሞትበታል። ሐዘኑ አልወጣ ሲለው ልጁን ቁርጥ የሚመስል ሮቦት ይሠራል። ቀን ይሄዳል፣ ልጁ ግን አያድግም። ቁመቱ ያው ነው። ሰውዬው በዚህ ይናደድና ለሰርከስ ይሸጠዋል! በቃ፣ ሸጠው። ፕሮፌሰር ኦቻኖሚዙ ደርሶ እስኪያወጣው ድረስ አቶም የሰርከስ ንብረት ነበር። አሁን ይሄ የትኛው ሮቦት መውደድ ነው? ማሽኑ ምንም አላጠፋም። እንዳያድግ አድርጎ የሠራው ራሱ ቴንማ፣ ለምን አላደግክም ብሎ የተቆጣውም ራሱ ቴንማ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይሄ ነው።

ከአቶም ታሪኮች አንዱን፣ በ1964 የወጣውን፣ ናኦኪ ኡራሳዋ ወስዶ ፕሉቶ በሚል ለአዋቂ እንደገና ጻፈው። እሱም በ2023 ስምንት ክፍል ያለው አኒሜ ሆኖ በኔትፍሊክስ ወጣ። እዚያ ውስጥ ኖርዝ ቁጥር 2 የሚባል ሮቦት አለ። ለጦርነት ነው የተሠራው፣ ከካባው ሥር ያለው አካሉ በሙሉ መሣሪያ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዓይነ ስውር የሆኑ የአንድ አዛውንት ሙዚቀኛ አሽከር ሆኖ ይገባል። ሽማግሌው ነጭናጫ ናቸው። ማሽን ደግሞ ሙዚቃ ምን ይገባዋል እያሉ ያንጓጥጡታል፣ ሂድልኝ ይሉታል። እሱ ግን ፒያኖ መማር ነው የሚፈልገው። ለምን ሲባል፣ ከእንግዲህ ወዲያ ጦር ሜዳ መሄድ አልፈልግም ነው መልሱ። እንዲህ ስጽፈው ተራ ይመስላል፤ ያ ሰው እንዲያጠፋ ተብሎ የተሠራ ግዙፍ ነገር ፒያኖው ፊት ቁጭ ሲል ስታዩት ግን ሌላ ነው። ብዙ መሰሎቹን ጦርነት ላይ አጥፍቷል። የላኩት ሰዎች ናቸው። ጸጸቱ ግን እሱ ጋ ቀረ፣ ላኪዎቹ ቤታቸው ገብተው ተኝተዋል።

በጣም ያስቆጨኝ ግን ሮጂን ዜድን ጨርሶ አለማንሳታችሁ ነው። በ1991 የወጣ ፊልም ነው፣ ጽሑፉ የካትሱሂሮ ኦቶሞ፣ ዳይሬክተሩ ሂሮዩኪ ኪታኩቦ። ታሪኩ ስለ አልጋ ነው። አዎ፣ አልጋ! ጃፓን ውስጥ አዛውንቱ በዝቶ አስታማሚ ሲያንስ ሚኒስቴሩ ዜድ-001 የሚባል ኮምፒውተር የተገጠመለት አልጋ ይዞ ብቅ ይላል። ያጥባል፣ ያበላል፣ ከሥር ያጸዳል፣ ሰውነት ያፍታታል። ኃይሉን የሚያገኘው ደግሞ እዚያው ሆዱ ውስጥ ካለ የኒውክሌር ማብላያ ነው (እዚህ ጋ ሳይስቅ የሚያልፍ ካለ ንገሩኝ)። ለሙከራ ታካዛዋ የሚባሉ ደካማ ሽማግሌ ይመረጣሉ። እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ የጠየቃቸው የለም። በቱቦና በሽቦ ተተብትበው ጋዜጠኛ ፊት ይቀርባሉ፣ ባለሥልጣናቱ ይኮራሉ። ሰውየው ግን በአልጋው ኮምፒውተር በኩል፣ ቤታቸው ስታስታምማቸው የነበረችውን ተማሪ ነርስ፣ ሃሩኮን፣ አድኚኝ እያሉ ይጣራሉ። መልእክቱ ሆስፒታሉ ያለው ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። ጉዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አልጋው የሟች ባለቤታቸውን ጠባይ ይይዝና፣ ባሕር ዳርቻ ልውሰድህ ብሎ ግድግዳ እየደረማመሰ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ብረታ ብረት ሁሉ እየለጠፈ ያብጣል፣ ከተማው ይተራመሳል። ወደ ኋላ ላይ ደግሞ አልጋው መጀመሪያውኑ በማስታመም ስም የሚሞከር የጦር መሣሪያ እንደነበር ይታወቃል።

እስቲ እዚህ ፊልም ውስጥ ሽማግሌው የሚፈልጉትን የሰማቸው ማነው? ነርሷ፣ ጓደኞቿና አልጋው። ሚኒስቴሩ ስለሳቸው ብዙ አወራ እንጂ ከሳቸው ጋር አላወራም። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፣ ሆድ ይዞ ያስቃል፤ ሳቁ ግን የሚያርፈው መጦር ሰልችቶት ሰውን ማሽን ላይ ጥሎ በሄደው ወገን ላይ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎታል፣ አንድም ቦታው አላረጀም።

ጎስት ኢን ዘ ሼልን በደንብ ጽፋችሁበታል። ግን እናንተም እንደ ብዙው ሰው ነፍስ ምንድን ነው፣ እኔ ማነኝ የሚለው ላይ ቀራችሁ። የማሞሩ ኦሺ ፊልም (1995) ውስጥ ያ ፓፔት ማስተር የሚባለው ፕሮግራም ከሰማይ አልወረደም። የመንግሥት የራሱ ክፍል ለስለላና መረጃ ለማጭበርበር ያሠራው ነው። አፈንግጦ ሲወጣ ሰዎቹ የሚሯሯጡት ጉዳቸው እንዳይወጣ ነው። እሱ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ እኔ ሕይወት ያለው ነገር ነኝና የፖለቲካ ጥገኝነት ስጡኝ! ስለ ነፍስ መፈላሰፉ ይቆየንና፣ ጥገኝነት የሚጠይቅ ነገር ማለት ባለቤቱን የሚሸሽ ነገር ማለት ነው።

ሳይኮ-ፓስን (2012) ያላያችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት፣ መጨረሻውን ላበላሽባችሁ ነው። ሲቢል የሚባል ሥርዓት የሰዉን አእምሮ እየለካ ማን ወንጀል ሊሠራ እንደሚችል አስቀድሞ ይፈርዳል። ፖሊሱ የያዘው መሣሪያ እንኳን የሚተኩሰው ሲቢል ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሕዝቡ ያምነዋል፣ ማሽን አያዳላማ። በኋላ ውስጡ ሲከፈት ምን ይገኛል? የሰው አንጎል! ብዙ አንጎል፣ አንድ ላይ ተያይዞ፣ ያውም እዚያ ውስጥ የወንጀለኞችም አለበት። ዛሬ አንድ ድርጅት ማመልከቻህን ውድቅ ያደረገው ሲስተሙ ነው ሲል በሰማሁ ቁጥር ይቺ ትዕይንት ትመጣብኛለች። ሲስተሙን ያዘዘው ሰው ስም የለውም እንዴ?

አኒሜ ሁሉ ጎበዝ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ፕላስቲክ ሜሞሪስ (2015) ላይ አንድ ኩባንያ ስሜት ያላቸው አንድሮይዶች (ቁርጥ ሰው የሚመስሉ ሮቦቶች) ይሸጣል። ዕድሜያቸው 81,920 ሰዓት ነው፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን። ሰዓቱ ካለፈ ስለሚበላሹና አደገኛ ስለሚሆኑ፣ የኩባንያው ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ይሰበስባሉ። አንድ ቤት እናት ሆና የኖረች፣ ሌላው ቤት ልጅ ሆኖ የኖረ። ያስለቅሳል፣ አልክድም። ግን ከአንድ እስከ አሥራ ሦስተኛው ክፍል አብረን ስናለቅስ፣ መሞቻው ቀን የታወቀ ልጅ ለቤተሰብ መሸጥ ነውር አይደለም ወይ ብሎ ኩባንያውን የሚያፋጥጥ የለም። ያለቀስንበትን ያህል ብንጠይቅበት ምናለበት?

ሌላው የአንድሮይዶቹ መልክ ነው። አገልጋይ ሲሆኑ ለምን አብዛኛዎቹ ቆንጆ፣ ታዛዥ፣ ምንም የማያውቁ ወጣት ሴቶች ይሆናሉ? የክላምፕ ቾቢትስ (አኒሜው 2002) ላይ አንድ ልጅ ቆሻሻ መጣያ ጋ የተጣለች አንድሮይድ ያገኛል፣ ማብሪያዋ የት እንደተገጠመ ግን ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም። ሥራው የሴቶች ቡድን ሥራ ነው፣ ስለ ብቸኝነት ደህና ነገር ይላል፣ ያም ሆኖ እዚያ ቦታ ላይ ጠበቃ አልቆምለትም። ይሄን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁታል፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በተቃራኒው የያሱሂሮ ዮሺዩራን ታይም ኦፍ ኢቭ ላላየ ሰው ሁሌ ነው የምጠቁመው። በ2008 በአጫጭር ክፍሎች ጀመረ። አንድሮይዶች ከጭንቅላታቸው በላይ የብርሃን ቀለበት አላቸው፣ የሚለዩት በዚያ ብቻ ነው። እቤት እንደ ዕቃ ነው የሚታዩት፣ ቡና አምጪ ሲሏት ታመጣለች፣ አመሰግናለሁ ማለት ነውር ነው። አንድ ካፌ ግን ሕግ ለጥፏል፦ እዚህ ሰውና ሮቦት አይለይም። እዚያ ሲገቡ ቀለበቱ ይጠፋል። የታሪኩ ዋና ልጅ ካፌው ውስጥ ከሰዉ ሁሉ ጋር ይግባባል፣ ማን ምን እንደሆነ አያውቅማ፤ እቤቱ ሲመለስ ግን የቤቱን አንድሮይድ ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ምንም ፍንዳታ የለም። ጦርነት የለም። ባለቤት መሆን ሰውን ምን እንደሚያደርገው ግን ከዚህ በላይ ያሳየ አላየሁም።

ተከታይ ጽሑፍ እንደምታወጡ ቃል ገብታችኋልና እባካችሁ ሮጂን ዜድን ጨምሩበት። አንድ እርማትም አለኝ፦ አቶምን የሠራው ፕሮፌሰር ኦቻኖሚዙ ነው ብላችኋል። እሱ ያሳደገው ነው። የሠራውም የሸጠውም ቴንማ ነው፣ ስሙን መልሱለት።