ከዐረብ አገር የተመለሰችው በቅሬው (በዕድሩ) መዝገብ ስሟ ይግባ

ለአዘጋጁ፦

ከውጭ የመጣ ወገን በአካባቢው አመራር ይሳተፍ የሚለው ጥሪ በየመድረኩ ይሰማል። ጥሪው መልካም ነው፤ ወንበሩ የሚቀርበው ለማን እንደሆነ ግን ይታይ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስብሰባ ሲጠራ ፊት የሚቀመጠው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣው ነው። እሱ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን ቢጫ ካርድ ቢይዝም፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት መምረጥም መመረጥም አይችልም። ከጅዳና ከሪያድ የተመለሰችው የቃሉ፣ የወረባቦ፣ የሀብሩ ልጅ ግን ዜግነቷን አልለቀቀችም። 18 ዓመት ከሞላትና በምርጫ ክልሉ 6 ወር ከኖረች ትመርጣለች፤ 21 ሲሞላት ለዕጩነት መቅረብ ትችላለች። ሕግ የከፈተላትን በር የሚዘጉባት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

አንዱ ስም ነው። ደላላ ፓስፖርት ሲያስወጣ ዕድሜ ይጨምራል፣ ስም ይለውጣል። በትምህርት ካርዷ ብርቱካን የነበረችው በፓስፖርቷ ዘይነባ ሆና ትመለሳለች። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ቀርቶ በሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ለመመለሻ ብቻ በሚሰጥ የጉዞ ሰነድ፣ የገባችም አለች። የምትኖርበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ይላታል፤ የትውልድ ቀበሌዋ ደግሞ የሚያውቃት በሌላ ስም ነው። ለቅጥር፣ ለዕጩነት የሚጠየቀው በዚሁ መሸኛ የሚወጣው የነዋሪነት መታወቂያ ስለሆነ እዚህ ላይ የተያዘች ወደፊት አትራመድም። ነገሩ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃዋንና ከልጅነቷ የሚያውቋትን ምስክሮች ይዛ ፍርድ ቤት ስሟን ታስወስን፤ ከዚያ የነዋሪነት መታወቂያ ታውጣ፤ ፋይዳ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በፓስፖርቱ ስም ፋይዳን አስቀድመው ነው። ፋይዳ የጣት አሻራና ዓይን ስለሚወስድ አንድ ሰው ሁለቴ አይመዘገብም፤ የተሳሳተውን ማሳረም ደግሞ ያንከራትታል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ያለው እኛው ዘንድ፣ ቅሬ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በቅሬው ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት ነው። ለቀበሌ ምክር ቤትም ሆነ ለወላጅ መምህር ኅብረት ሰው ሲጠቆም በየትኛው ቅሬ እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። መዝገቡን ገልጣችሁ እዩት፦ ተራ ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ የወር መዋጮ፣ የቀረበት ቀን፣ ቅጣት። ሴቲቱ የለችም። እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ ለቅሶ ቤት ትሰነብታለች፤ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚጠራው ግን የባሏ ስም ነው። ያላገባችው ደግሞ 35 ዓመትም ቢሆናት በአባቷ ተቆጥራ ትቀራለች።

እነዚህ ሴቶች የሰው ገንዘብ በአደራ መያዝ ያውቁበታል። ዐረብ አገር ዕቁብ የሚሰበስቡት፣ የታመመችውን የሚያሳክሙት፣ ሬሳ አገር ቤት ለመላክ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው፤ ያውም ብዙዎቹ ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ በስልክ ብቻ እየተማመኑ። እዚህ ሲመጡ የሚሰጣቸው ቦታ «ዐረብ አገር ነበረች፣ ታውጣ» የሚል ነው፤ ለድንኳን፣ ለመስጊድ ምንጣፍ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ። ጥሪቷ ሲያልቅ አስታዋሽ የላትም። ይህ ያሳዝነናል።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ለሚስት ስምና ፊርማ አንድ ዓምድ ይጨመር። ብቻዋን የምትኖር እንደ አንድ ቤት በራሷ ስም ትመዝገብ፤ መግቢያውንና መዋጮውን እንደማንኛውም ሰው ትክፈል፣ ከሌላው አብልጣ አትጠየቅ። ኃላፊነት ሲሰጣት ደግሞ ከሒሳብ ተቆጣጣሪነት ትጀምር። ተቆጣጣሪ ደረሰኝና ደብተር ስታመሳክር ማን ለምን እንደዘገየ ታውቃለች፣ አባሉም እሷን ይለምዳል። በአንድ ጊዜ ሰብሳቢ ያደረጓት ግን የመጀመሪያው ክርክር ሲነሳ የሚቆምላት ታጣና ትለቃለች። ሴት እንዴት ትመራናለች የሚል ካለ ወዳጃ፣ በጋራ ዱዓ የሚደረግበት ስብስብ፣ ላይ ያለውን ያስታውስ፤ ዱበርቲዋ፣ መራቂዋ እናት፣ ስትመርቅ ስንቱ ወንድ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል።

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ ደብተር የምታሰምሩ የቅሬ ፀሐፊ ባልደረቦቻችን፣ ዓምዱን አሁኑኑ አስምሩት።

ከቅሬ ፀሐፊዎች፣ ደሴ