ለእማዬ፣ ከማክሰኞው ቀጠሮ በፊት

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ የእግርሽ እብጠት ቀነሰ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ ያስቃል፣ ትልቋ ደግሞ ባት ሚጽቫዋ፣ ትእዛዛቱን የምትቀበልበት አሥራ ሁለተኛ ዓመቷ፣ ስለደረሰ እኛን እናቶቹንም አብረው ያስተምሩናል፣ የሴት ሦስቱ ትእዛዛት ይሏቸዋል፣ ከሊጥ የሚወጣው ኻላ፣ በወር አበባ ጊዜ መለየቱ ኒዳና የሰንበት መብራት።

አስተማሪዋ ደስ የምትል ሴት ናት። ሊጥ ስታቦኪ ቆንጥረሽ ታወጫለሽ፣ ድሮ ለካህኑ ነበር አሁን ይቃጠላል፣ እንጀራሽ በጉልበትሽ ብቻ እንዳልመጣ እንድታውቂ ነው አለች። ይሄ ገባኝ። ሻማው ላይ ግን ሳቄ መጣ፣ በፈረንጆቹ 1991 በሰለሞን ዘመቻ እስራኤል እንደገባን ሆቴሉ ውስጥ ሻማ ሲያድሉሽ "ሰንበት ሊገባ ሲል እሳት ይጠፋል እንጂ ይለኮሳል እንዴ!" ብለሽ መለስሽላቸው'ኮ። ኢትዮጵያ ሳለን ዘጸአት 35 ላይ በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል ብለን ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ምድጃውን እናጠፋ ነበር፣ እዚህ ያሉት አይሁዶች ደግሞ ቀድሞ የተለኮሰ ቢነድ ችግር የለውም፣ ሴቷ ለቤቷ ሰላም ታበራለች ይላሉ።

ኒዳ ጋ ስትደርስ መለየት ፍቅር ያድሳል፣ ሚክቬ፣ የመንጻት መታጠቢያው ውስጥ መጥለቅ፣ እንደገና መወለድ ነው ምናምን አለች፣ ሴቶቹን እንባ እንባ አላቸው። እሷ የምታወራው ስለ ባልና ሚስት ነው፣ ያንቺ ግን መንደሩ ሁሉ ንጹህ ሆኖ እግዜር ፊት እንዲቆም ነበር። በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ተቀምጠሽ፣ ወንዝ ወርደሽ ልብስሽንም ገላሽንም ታጥበሽ፣ ሲመሽ ትመለሻለሽ። እዚህ ስትመጪ ኋላ ቀር ተባልሽበት፣ አሁን እነሱ ሲያወሩት መንፈሳዊ ሆነ!

እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሆቴሉ ወጥተን በተሰጠን ካራቫን ቤት ውስጥ የወር አበባ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ጎጆ የለም ብለሽ ጥግ ላይ አንሶላ ጋረድሽብኝ፣ ያንን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሰሀን መሬት አስቀምጠሽ በእግርሽ ገፋ አደረግሽልኝ፣ ሰባት ቀን አልነካሽኝም፣ ለምን እንደሆነም አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ጎጆው ውስጥ'ኮ ከሴቶቹ ጋር ጥጥ እየፈተላችሁ፣ ከወፍጮና ከውሃ መቅዳት አርፋችሁ፣ ስትስቁ ትውሉ ነበር አሉ፣ አክስቴ ናት የነገረችኝ። ለኔ የደረሰኝ አንሶላው ብቻ።

ባለፈው ሳምንት ለታመመ ሰው ምህረት ኻላ ሲያወጡ ስም ስጪ አሉኝ። ያንቺን ከእናትሽ ስም ጋር ሰጠሁ፣ ሊጡን እንደያዝኩ እጄ... ተይው። ማክሰኞ ዶክተሩ የሚለውን እንሰማለን። ቁርስ እንዳትበዪ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ጤና መድኑ ጋ፣ የሰጡሽን ወረቀት ከአሁኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ብቻዬን እገባለሁ እንዳትዪ ደግሞ፣ ወንድሜ አብሮሽ ይገባል። ያሳደግሽን ይበቃል፣ አሁን እንኳን እሺ በዪን።

ትልቋ ዓርብ አንቺ ጋ ታድራለች። ባለፈው ወር አይታለች፣ ላንቺ መንገር አፍራ ነው። የጎጆውን ንገሪያት፣ ለኔ ያላልሽኝን ሁሉ። ሰሀን ለይተሽ ብታስቀምጪላት ግን እንጣላለን።