መኪናው በደጋ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድበትም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አዲስ መኪና ስትጽፉ ከዜሮ ተነስቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ሁልጊዜ ታነሳላችሁ። ጥሩ ነው፣ እንዳትተዉት። የቤተሰብ መኪና አነሳስ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተለወጠውን ያህል የተለወጠ ነገር በመኪና ላይ ብዙም የለም። ነገር ግን ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ዝቅ ባለ አገር፣ በሜዳ መንገድ፣ ነጂው ብቻውን ተቀምጦ ነው። እኛ ደግሞ የምንነዳው ደጋ ላይ ነው፤ ዳገት እየወጣን፣ ቤተሰብና ሻንጣ ጭነን። ይህ ልዩነት እንዲታሰብበት ነው የምጽፍላችሁ።

ሁላችንም የምናውቀውን የቶዮታ ራቭ ፎርን ልውሰድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የመጀመሪያው ትውልድ በ1994 ሲወጣ ባለ 2 ሊትር ሞተር ነበረው። ጉልበቱ እንደሚሸጥበት አገር ከ120 እስከ 135 የፈረስ ጉልበት ይደርስ ነበር። ከዜሮ ተነስቶ መቶ ለመግባት 10 ሰከንድ አካባቢ ይወስድበታል፤ ባለ አራት ማርሹ አውቶማቲክ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። መኪናው ግን ቀላል ነበር፣ 1,200 ኪሎ ገደማ። ለዚያ ዘመን ምንም አይወጣለትም። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሲሠራ የሚውል ሞልቷል።

በ2000 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ 150 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ገባ። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ እንደ ሞተሩ ዙር የሚያስተካክል ሥርዓት ተገጠመለት። ለውጡ በጎ ቢሆንም መጠነኛ ነበር።

ትልቁ ዝላይ ሦስተኛው ትውልድ ላይ መጣ። ለ2006 የአሜሪካ ገበያ ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቀረበ፤ 269 የፈረስ ጉልበት! ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በሰዓት 60 ማይል ገባ። 60 ማይል ማለት 97 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሜሪካኖች የሚለኩት በዚህ ነው።

ከዚያስ? ብዙ ሰው እድገቱ ሳይቋረጥ ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል። አልነበረም። በ2013 አራተኛው ትውልድ ሲገባ ያ ሞተር ቀረ። የአሜሪካው ባለ 2.5 ሊትር መኪና 176 የፈረስ ጉልበት ይዞ፣ ማርሹን ወደ ስድስት አሳድጎ መጣ። ነዳጅ ቆጠበ፣ አነሳሱ ግን ከቀድሞው ባለ ስድስት ሲሊንደር ወደ ኋላ ቀረ። ወደፊት የገፋው ማንም ያልጠበቀው ሃይብሪዱ፣ ማለትም የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ የያዘው መኪና ነው። ሃይብሪድ ሲባል ቀርፋፋ፣ የቆጣቢ ሰው መኪና ተደርጎ ነበር የሚታየው። የ2016ቱ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ግን 194 የፈረስ ጉልበት ይዞ በ8.1 ሰከንድ 60 ማይል በመግባት ቤንዚን ብቻ የሚጠቀመውን ወንድሙን ቀደመው። አምስተኛው ትውልድ ላይ ሃይብሪዱ 219 ደረሰ። በመጨረሻም ከግድግዳ ሶኬት የሚሞላው ራቭ ፎር ፕራይም 302 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወጣና 60 ማይል በ5.7 ሰከንድ ገባ። ይህ መኪና ከ1,900 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከመጀመሪያው ትውልድ በ700 ኪሎ ያህል እየከበደ ጊዜውን በግማሽ ሊቀንሰው ምንም አልቀረውም። በ2025 ይፋ የሆነው ስድስተኛው ትውልድ ደግሞ ቤንዚን ብቻ የሚጠቀም ሞተር ጨርሶ የለውም።

ምሥጢሩ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በድሮው አውቶማቲክ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ መጀመሪያ የምትሰሙት ጩኸት ነው። ቀጥሎ ካምቢዮው ማርሽ ይቀንሳል፣ ትንሽ ያመነታል፣ መኪናው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ገና ከቆመበት ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል። እግራችሁ ሲነካው ተነስቷል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ያህል ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ 120 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ሰሚት ወይም ሳሪስ ላይ 95 ያህል ቢሰጥ ነው። እዚያ 10 ሰከንድ የወሰደበት ጉዞ እዚህ ወደ 12 እና 13 ሰከንድ ይጠጋል። ጣርማበር ላይማ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ የሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበት የለም ማለት ነው። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ብዙውን ይመልሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር የሚያቃጥልበት ምክንያት ስለሌለው ጉልበቱን ከፍታ አይነካውም።

ይህ ማለት በወረቀት ላይ በድሮውና በአዲሱ መካከል የምናየው ልዩነት እኛ አገር ከዚያ ይሰፋል። አንባቢ ግን ይህን ከእናንተ ገጽ አያገኝም። በአንድ ሰከንድ የሚለያዩ ሁለት መኪኖችን አይቶ «ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ያልፋል።

ለውጥ አለው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከፊት የተጫነ ተሳቢ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያዘግማል። ጭሱ በመስኮት ይገባል። ኋላ አያት፣ ልጆች፣ የማር ጀሪካን። ነጂው መሪውን ወደ ግራ ሰበቅ አድርጎ መታጠፊያውን ያያል፣ ይመለሳል። ኤሲውን ያጠፋል፤ መጭመቂያው የሚወስደው ትንሽ ጉልበት እንኳ ያስፈልገዋልና። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሳል። ፍሬቻ ያሳያል፣ ይወጣል፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። መኪናው ይጮኻል፣ ተሳቢው ግን አሁንም ጎኑ ነው። ከፊት በ60 የሚመጣ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይቀርበዋል። እዚያች ቦታ ላይ ሦስት ሰከንድ መቆጠብ 50 ሜትር መንገድ ነው። በግራ መስመር ላይ ላለ ቤተሰብ 50 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለዚህ ነው የአነሳስ ጉዳይ የጎረምሳ ወሬ ተደርጎ ሲናቅ የማልስማማው። ጉልበት ያለው መኪና በትዕግሥት ለሚነዳ ሰው የደኅንነት መሣሪያ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ከድሮ ቤንዚን መኪና በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ እየገባ ነው። በመካከል ያሉትን ትውልዶች ሁሉ በአንድ ቀን ዘለላቸው። 150 ኪሎ ዋት ሞተር ያለውን ቮልስዋገን አይዲ ፎር ውሰዱ። ይህ ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት ነው፤ ክብደቱም ሁለት ቶን ያልፋል። ሃያ ዓመት በሰነፍ ሞተር የነዳ ሰው እግሩ መርገጥ ነው የለመደው፤ ካልረገጠ አይነሳለትማ። ያንኑ እግር ይዞ አዲሱ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ፣ ገና ከመብራት ሲነሳ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ደርሶ ያገኘዋል። እግረኛው ደግሞ መኪና ሲመጣ ጆሮው የለመደው የሞተር ድምፅ ነው፤ እዚህ ያ ድምፅ የለም።

ክብደቱም አይረሳ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ከ1,200 ኪሎው መኪና በሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ ኃይል ይዞ ነው የሚጓዘው። ፍሬኑና ጎማው ያንን ማቆም አለባቸው። ባለ 200 ፈረስ መኪና ላይ ያለቀ ጎማ ወይም ርካሽ ጎማ መግጠም ይቅር። እባካችሁ ስለ ጎማ ጻፉ፤ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከምትጽፉት ግማሹን ያህል እንኳ ቢሆን።

የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናውም ቢታይ ደስ ይለኛል። ሠልጣኝ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ በደንብ ይማራል። ፍሪሲዮን በሌለው፣ ድምፅ በማያሰማና ሲነኩት በሚወረወር መኪና ግን ከአንድ እግር ጋር እንዴት እንደሚኖር ማንም አያሳየውም። አንድ ሁለት ሰዓት ብትበቃ ነው፤ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከእናንተ የምጠይቀው ቀላል ነው። ከዜሮ እስከ መቶ ያለውን ስትጽፉ ሞተሩ ቱርቦ ያለው ይሁን የሌለው፣ ወይስ ኤሌክትሪክ፣ አብራችሁ ንገሩን፤ ሌላውን አንባቢ ራሱ ያሰላዋል። ቀጥሎ ከ60 እስከ 100 ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ጨምሩ። ገጠር መንገድ ላይ ከቆምንበት ተነስተን አንወዳደርም፤ እየሄድን ነው የምንደርበው። ከመቶ እስከ ማቆም ስንት ሜትር እንደሚፈልግም እዚያው ጎን ይቀመጥ።

ከተቻለ ደግሞ ራሳችሁ ለኩት። ለትራፊክ የተዘጋ መንገድ ፈቃድ አግኝታችሁ ከየትውልዱ አንድ አንድ ራቭ ፎርና አንድ ኤሌክትሪክ መኪና አምጡ። አምስት አምስት ሰው ጫኑባቸው፣ ዳገት ላይ አስነሷቸው፣ ሰከንዱን ያዙና ውጤቱን በሰንጠረዥ አትሙልን። የመጀመሪያው ትውልድ መኪና የምታገኙበት ከቸገራችሁ የእኔ አለች። ሞተሯ አልተከፈተም፣ ጎማዋም አዲስ ነው። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ